መነሻ ድምፅ

ሃያ ስድስት ዓመት ዘፈንኩ፣ በጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣
በአሥራ አራት ቁጥር መኪና፣ ድምፄ የሰው ጆሮ ሳይነካ።
የሽመናው ክፍል ሲጮህ፣ መወርወሪያው ሲመላለስ፣
ሴቶቹ ከንፈሬን ነው ያዩት፣ እንደ ዓሣ አፍ ሲላወስ።
ፈረቃ ስንቀያየር እነ ጥሩዓለም ይስቃሉ፣
«ዛሬስ ምን ዘፈንሽ?» ይላሉ።
«ያችኑ» እላለሁ።
ቃሉን ከአፌ ላይ ያነቡታል፤
ዜማው የት እንደሚታጠፍ ግን እኔ ብቻ አውቃለሁ።

አሁን ጥሩዓለም ጡረታ ወጣች። ለቅዳሜ አዳራሽ ተይዟል፣
ወንበሩ ከዕድር መጥቷል፣ ለስላሳው በየሣጥኑ ተደርድሯል።
ኦርጋን የሚመታው ልጅ ደንበጫ ሠርግ አግኝቶ ሄደ፣
ማሲንቆኛም ተፈልጎ ነበር፤ የጠራው ዋጋ ከበደ።
«ትርንጎ ትዝፈንልን» አለች አንዷ።
«ያለ ምንም?»
«ያለ ምንም።»
ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

መጀመሪያ ቤቴ ሞከርኩ፤ በሩንም ሬዲዮውንም ዘግቼ፣
ዝምታውን እንደ አዲስ ጫማ ወዲያ ወዲህ ብዬ ለክቼ።
ጠበበኝ።
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ወጣ፤ ውረድ ብለው እምቢ አለ፣
እንደ ደነገጠች ድመት ጣሪያ ላይ ተንጠለጠለ።
ያ መኪና ነበር ለካ ስሳሳት የሚውጥልኝ፤
አሁን ምን አለኝ? ጉሮሮ። እሱም እየደረቀብኝ።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ፣
ከደንገሉ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጫማዬን አውልቄ ጀመርኩ።
ከፍ አድርጌ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ እንደሚያባርሩት ሰው፤
ውኃው ድምፄን ወሰደው፣ ጭጋጉ ግን መለሰው።
ጭጋጉ ውስጥ ሰው ነበረ፤
አንድ ሽማግሌ፣ ከነታንኳው፣ መረቡን ጉልበቱ ላይ የቋጠረ።
«አንቺ ሴት፣ ከላይ ጀምረሽ ከዚያ ወዴት ልትወጪ ነው?» አለኝ።
መልስ ጠፋኝ።
«እኛ ከደሴት ሰው ስንጣራ ዝቅ አድርገን ነው የምንጀምር፤
ጩኸት ማዕበል ላይ ይሰበራል፤ ዝቅ ያለው ነው የሚሻገር።»
ብሎ ቀዘፈ። አምባዛ እንኳ ግዢኝ አላለም።
ስሙን አላውቀውም።

ረቡዕ ዝቅ አደረግኩት፤ ከደረቴ በታች፣ እስከ መቀነቴ።
ሐሙስ ትንፋሽ ቆጠርኩ፤ የትኛው ቃል ጀርባ እንደሚደበቅ እረፍቴ።
ዝንጅብሉንም ጠጣሁ፣ ነጠላውንም አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ፣
መነሻዋን ግን አጣሁ። ዝቅ በይ፤ እሺ። ከምን ዝቅ?
ባለ ኦርጋን በአንድ ጣት ይነካል፣ ባለ ክራር ጅማቱን ይጠይቅ፣
እኔ ከማን ልበደር? ከዘጌ ጀልባ ጡሩምባ?
እሱ ጠዋት ጮኾ ይሄዳል፤ ማታ አዳራሽ አይገባ።
ከወፍጮ ቤት? ከባጃጅ? ሁሉንም በልቤ ሞከርኩ፣
ዓርብ ሌሊት ሰለቸኝና ቀኝ ጆሮዬን ትራሱ ላይ ጣልኩ።

ያኔ ሰማኋት።
ሐኪሙ «የፋብሪካ ነው፣ ልመጂው» ብሎ የሸኘኝን፣
ግራ ጆሮዬ ውስጥ ቀን ከሌት የምትፈትለውን ቀጭን፣
ስንት ጊዜ የረገምኳትን፣
በጥጥ የደፈንኳትን፣
ያችን ሲር ሲር የማትቆም።
አንድም ቀን ቅኝቷ አልተዛባም።
አፌን ገጥሜ፣ በአፍንጫዬ፣ ከሷ ሥር ሥር ወረድኩ፤
ዘፈኑን እታች፣ የቀጠርኩት ይመስል፣ ቆሞ ሲጠብቀኝ ደረስኩ።

ቅዳሜ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መብራቱም ዛሬ አልጠፋም።
ጥሩዓለም ከፊት ተቀምጣለች፣ የተሸለመችው ሰዓት አልሰፋትም አልጠበባትም፣
ደጋግማ ታየዋለች።
ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ከንፈሬ ላይ ጣሉ፤
ጆሮ እንደሚያስፈልጋቸው ገና አላወቁም መሰለኝ ሁሉ።
«ያለ ምንም ነው የምትዘፍነው» አለ አስተዋዋቂው፣ ሊያዝንልኝ።
ራሴን ወደ ግራ ዘንበል አደረግኩ፤
አሥራ አራት ቁጥር ተነሣልኝ።